ላልተነበበ መጽሐፍ ማን ይጠየቃል?



ስደተኛ ባረፈበት ሁሉ ትምህርት ቤት ያቆማል። ጣራው ሣር ወይም ሸራ፣ ግድግዳው የማሽላ አገዳ፣ መቀመጫው ድንጋይ ሊሆን ይችላል፤ ትምህርት ቤት ግን ይቆማል። በዚያም ትምህርት ቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ አንድ ሣጥን አይጠፋም። በሣጥኑ ውስጥ የልጆች መጻሕፍት አሉ፤ በሣጥኑ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል፤ የጓጉንቸሩም መክፈቻ በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ይኖራል። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጓጉንቸር ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ዱቄቱ ባልበቃበት፣ ውኃው በወረፋ በሚቀዳበት፣ የታመመ ሰው መድኃኒት በሚያጣበት ቦታ ስለ ተረት መጽሐፍ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም በዚያች ትንሽ ሣጥን ውስጥ የተቆለፈው ጥያቄ ትልቅ ነው። በአደራ የተቀበሉትን ነገር መጠበቅ ማለት ምን ማለት ነው? እንደተረከቡት አድርጎ ማቆየት ነውን? ወይስ ለተላከለት ሰው ማድረስ? የዛሬው ልጅና የነገው ልጅ ድርሻ ቢጋጭ ፍርዱ ለማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

በመጀመሪያ የሣጥኑን ጠባቂ ነገር በሚዛን እንየው። ጠባቂው ክፉ ሰው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከሁላችንም ይልቅ መጽሐፍ የሚወድ እርሱ ነው። በአገራችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያገለገለ ሰው የንብረትን አያያዝ ያውቃል። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ በመሐል ለጎደለው ንብረት ክፍሉ ይጠየቅበታል፤ ከደመወዙም ሊቆረጥበት ይችላል። ይህ ሥርዓት ለወንበርና ለጠረጴዛ፣ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ ደግ ሥርዓት ነው። ጠባቂያችን ከአገር ሲወጣ ቤቱንና ማሳውን ትቶ ወጥቷል፤ ይህን ሥርዓት ግን በልቡ ይዞት መጥቷል።

ከአንድ እንዲህ ካሉ አዛውንት ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። «ጋሼ፣ እባክዎ መጻሕፍቱን ለልጆቹ እናውጣላቸው» ስላቸው እንዲህ አሉኝ፤ «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ አልሰጥም አላልኩም። ግን ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም። ዛሬ ብሰጣቸው በሳምንቱ ገጹ ተቀዶ፣ ሽፋኑ ወልቆ ይመለሳል፤ አለዚያም ጭራሹን አይመለስም። የሚመጣው ዓመት ልጆች ምን ሊያነቡ ነው? ሌላ መጽሐፍስ ማን ያመጣልናል?»

የእኚህ ሰው ክርክር በሁለት እግሩ የቆመ ነው። አንደኛው ልጅ አይታመንም የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የነገው ልጅ ከዛሬው ልጅ እኩል ድርሻ አለው የሚል ነው። በተለይ ሁለተኛው በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ለራሱ ትውልድ ብቻ በልቶ ለሚቀጥለው ባዶ ማድጋ የሚያወርስ ሕዝብ ምን ዓይነት ሕዝብ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

ሥርዓቱን ጠጋ ብለን ስናየው ግን አንድ ጉድለት ይታያል። ለጠፋ መጽሐፍ ጠያቂ አለው፤ ላልተነበበ መጽሐፍ ጠያቂ የለውም። በዓመቱ መጨረሻ ቆጠራ ሲደረግ አርባ መጽሐፍ ገቢ ሆኖ አርባው ከተገኘ ጠባቂው ይመሰገናል። እነዚያ አርባ መጻሕፍት በዓመቱ ውስጥ በስንት ልጅ ዓይን ታዩ ብሎ የሚጠይቅ መዝገብ የለም። ሰው ደግሞ በሚጠየቅበት ይጠነቀቃል፤ በማይጠየቅበት ይዘናጋል። እንግዲህ የጓጉንቸሩ ምክንያት የጠባቂው ንፍገት ነው ከማለት በፊት መዝገቡን ማየት ይገባል። አንድ ዓምድ ብቻ ያለው መዝገብ ደግ ሰውንም ቆላፊ ያደርገዋል።

አሁን ወደ አደራ እንምጣ። በአማርኛችን ይህ ቃል ከባድ ነው። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። አደራ በላ መባል ሌባ ከመባል ይከፋል፤ ሌባ የሚሰርቀው ያላመነውን ሰው ነው፤ አደራ በላ ግን የሚበላው ያመነውን ነውና።

ነገር ግን አደራ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የማስቀመጥ አደራ ነው። ጎረቤት መንገድ ስትሄድ ወርቋን «አስቀምጪልኝ» ብላ ብትሰጥ፣ ስትመለስ ወርቁን እንዳለ ልታገኘው ይገባል። ያንን ወርቅ አጥልቃ ሠርግ የሄደች ሴት አደራዋን አጉድላለች። ሁለተኛው የማድረስ አደራ ነው። ይህን ደግሞ ከስደተኛ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሰው ወደ ገዳሪፍ ከተማ ወይም ከዚያ አልፎ ሲሄድ ደብዳቤ እንሰጠዋለን፤ ከማዶ የሚመጣም ሰው ከእናት የተላከ ድርቆሽ በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣልናል። ያ መልእክተኛ ደብዳቤውን ስድስት ወር በሻንጣው ይዞ ከረመና «ይኸውላችሁ፣ አንድ ጥግ እንኳ አልታጠፈም» ቢል ምን እንለዋለን? ድርቆሹንስ ሳይነካ መልሶ ወደ እናቲቱ ቢወስደው? አደራውን ጠበቀ አንለውም። ንጹሕ ፖስታ በእጁ ይዞ አደራ በልቷል።

የልጆች መጽሐፍ ከሁለቱ የትኛው ነው? የጻፈው ሰው ለልጅ ብሎ ጻፈው፤ ሥዕሉን የሳለው ለልጅ ብሎ ሳለው፤ የለገሰውም ለልጅ ብሎ ለገሰ። በመካከል ያለነው መምህራን፣ ወላጆችና ንብረት ጠባቂዎች መልእክተኞች ነን። ባለቤቱ ተመልሶ መጥቶ «መጽሐፌን መልሱልኝ» አይለንም። የሚጠይቀን ቢሆን «አደረሳችሁልኝ ወይ?» ብሎ ነው የሚጠይቀን።

ጋሼ ግን ይህን ሁሉ ሰምተው «የሚመጣው ዓመት ልጅስ መልእክት አልተላከለትም ወይ?» ይላሉ። ተልኮለታል። ስለዚህ መልስ ያስፈልጋል።

ይህ ያለንበት አካባቢ የእርሻ አገር ነው። የገዳሪፍ ሜዳ በእኛ አቆጣጠር ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በትራክተር የሚታረስ የማሽላና የሰሊጥ መሬት ነው፤ ከመካከላችንም በዚሁ ሜዳ ላይ ሰሊጥ ያጨደ፣ ማሽላ የቆረጠ ብዙ ነው። ገበሬ ዘር ለዓመት ያስቀምጣል፤ ዘሩን የበላ ቤት ይፈርሳል። የጋሼም ነገር «ዘሩን አትብሉ» ማለት ነው። ነገር ግን ዘር የሚቀመጠው ሊዘራ ነው። ዝናቡ ጥሎ፣ መሬቱ ርሶ ሳለ ዘሩን በጎተራ የያዘ ገበሬ ቆጣቢ አይባልም። ልጅም የራሱ ክረምት አለው። ፊደል በለየበት ሰሞን በየቀኑ የሚያነበው ነገር ካገኘ ንባቡ ይፈጥናል፤ ካጣ የለየውንም ይረሳል። የሰባት ዓመት ልጅ በሚመጣው ዓመት ስምንት ይሞላዋል፤ ከዚያም ዘጠኝ። ለሰባት ዓመት ልጅ የተጻፈውን መጽሐፍ በአሥር ዓመቱ ብንሰጠው የሕፃን ነው ብሎ ይስቅበታል። መጽሐፉ ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፤ ዕድሜ ግን አይጠብቅም።

መጽሐፉስ ቢሆን በእርግጥ ይጠብቃልን? የምሥራቅ ሱዳን ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። መሬቱ ዋልካ በመሆኑ ውኃ ይቋጥራል፤ እርጥበቱ ከሥር ይወጣል። ምስጥ ጨለማና እርጥበት ይወዳል፤ ማንም የማይነካው ወረቀት ለእርሱ የተሰናዳ ማዕድ ነው። በልጆች እጅ የሚዞር መጽሐፍ ጠርዙ ይበላል፣ ይቆሽሻል፤ ምስጥ ግን አያገኘውም፤ በየቀኑ የሚያነሣው አለና። በሣጥን የተዘጋው መጽሐፍ ውጪው አምሮ ሆዱ ዐፈር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የነገውን ልጅ ድርሻ አስቀመጥን ስንል ለምስጥ አስቀምጠን እንዳይሆን ያሰጋል።

ከምስጡም በላይ ስደት ራሱ አለ። ኡም ራኩባ በ1970ዎቹ ረኃብና ጦርነት ላሰደዳቸው ኢትዮጵያውያን መጠጊያ ነበር፤ ኋላ ተዘጋ፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. ደግሞ በሐምዳይት በኩል ለተሻገሩት እንደገና ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ቱናይድባ ተጨመረ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በራሷ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ አስጠጊዎቻችንም ተፈናቃይ ሆኑ፤ በገዳሪፍ ከተማም ትምህርት ቤቶች የሰው መጠለያ ሆኑ። ይህን ያየ ሰው ሣጥን ቋሚ ነገር ነው ብሎ እንዴት ያምናል? ሰፈር ሲነሣ ሣጥን ይቀራል፤ ልጅ ይሄዳል። ልጁ ያነበበው ደግሞ አብሮት ይሄዳል። ማንም የፍተሻ ኬላ አይወስድበትም። እንግዲህ የማይወድቅ ጎተራ ከፈለግን ያለን ጎተራ የልጁ ልብ ብቻ ነው።

ጥያቄው ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን መጽሐፍ በብራና በሚጽፉበት ዘመን አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየል ቆዳ ያስፈልግ ነበር። ቆዳው ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፣ ጸሐፊውም ለወራት ይቀመጥበታል። እንዲህ የተደከመበት መጽሐፍ ማኅደር ተሰፍቶለት በግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ በውስጡም የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን ተብሎ ይጻፋል። ውግዘቱ ግን በሰረቀና በፋቀ ላይ ነው፤ ባነበበ ላይ ውግዘት የለም። የኔታ በዚያው በውዱ ዳዊት ልጆችን ያስነብቡበት ነበር። አንዱ መጽሐፍ መካከል ተዘርግቶ ልጆች ዙሪያውን ከበው ያነባሉ። በጠርዙ ላይ የጣት ወዝ የጠጣ፣ ሰም የነጠበበት አሮጌ ዳዊት ያየ ሰው ያ እድፍ ምን እንደሆነ ያውቃል። የንባብ ምስክር ነው።

እዚህ ያሉ ጎረቤቶቻችን ደግሞ ኸልዋ በሚሉት የቁርኣን ትምህርት ቤት ልጁ ትምህርቱን በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም ይጽፋል፤ ሰሌዳውን ሎህ ይሉታል። ልጁ በቃሉ ከያዘው በኋላ ሰሌዳው ይታጠብና የሚቀጥለው ትምህርት ይጻፍበታል። በአገራችንም በወሎ ይህ ልማድ ይታወቃል። ሰሌዳው ታጥቦ ባዶ ሲሆን «ጽሑፉ ጠፋ» ብሎ የሚያለቅስ የለም። ጽሑፉ ከእንጨቱ ወደ ልጁ ተዛውሯልና። በንባብ ያለቀ መጽሐፍም እንደ ታጠበ ሰሌዳ ነው።

በሌላው ዓለምም እንዲሁ ነበር። በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ መጽሐፍ በብረት ሰንሰለት ከመደርደሪያው ጋር ይታሰር ነበር፤ በእንግሊዝ አገር በሔርፎርድ ካቴድራል እንዲህ የታሰሩ መጻሕፍት እስከ ዛሬ ይታያሉ። ሕንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ለሙያው አምስት ሕጎች ሲያወጣ የመጀመሪያው ሕግ መጽሐፍ ሊሠራበት እንጂ ሊከማች አለመሆኑን የሚናገር ነበር። ይህን የመሰለ ግልጽ ነገር ሕግ ማድረግ ለምን አስፈለገው? ብረቱ ከመጽሐፉ ከወለቀ በኋላም ከጠባቂዎች ልብ ገና ስላልወለቀ ነው።

ከአገራችን ሰዎችም አንዱን ላንሣ። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ እንደ እኛው በስደት ከአገሩ የወጣ ሰው ነው። በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በልጆች ክፍል ሲሠራ የልዩ ልዩ አገር ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ ሲያገኙ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ከመደርደሪያው አጣ። ይህ ነገር ከነከነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ለኢትዮጵያ ልጆች መጽሐፍ የሚያቀርብ ድርጅት መሠረተ፤ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። በአዋሳም መጻሕፍት የጫነ ጋሪ በአህያ እየተሳበ ልጆች ወዳሉበት ሰፈር እንዲሄድ አደረገ። የአህያዋ ነገር የሚያስተምረን አለ። ልጁ ወደ መጽሐፉ እስኪመጣ አልተጠበቀም፤ መጽሐፉ ወደ ልጁ ሄደ። የማድረስ አደራ ማለት ይህ ነው።

መካፈል የሚለውንም ቃል እንመርምር። በስደት ሰፈር የሚያድግ ልጅ መካፈልን የሚማረው ከራሽን ሰልፍ ነው። በዚያ ሰልፍ ለአንዱ የተሰፈረው ከሌላው የተቀነሰ ነው፤ ቀድሞ የደረሰ ያገኛል፤ ኋላ የመጣ «አለቀ» ይባላል። ልጁ ይህን እያየ ሲያድግ ዓለም ሁሉ እንዲህ የተሠራች ይመስለዋል፤ የጎረቤቱም ልጅ ተሻሚው ሆኖ ይታየዋል። ይህ ከረኃቡ ያላነሰ ጉዳት ነው። ተረት ግን ሌላ ስፍር አለው። አንድ መምህር አንድ መጽሐፍ ይዞ ለስድሳ ልጅ ሲያነብ የአንዱ መስማት የሌላውን አይቀንስበትም። እንዲያውም ይጨምርለታል፤ ብቻውን ቢያነበው የማይስቅበትን ቦታ ስድሳ ሆኖ ሲሰማው ይስቃል። አባባ ተስፋዬ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ አርባ ዓመት ገደማ በቴሌቪዥን ተረት ሲያወሩ በመጀመሪያ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበር። የሠፈር ልጅ ባለው ቤት ተሰብስቦ ሰማ፤ በዚህም የማንም ተረት አልጎደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይላሉ አበው። በተረት ጊዜ ግን አንዱ ሎሚ ብቻውን ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይሆናል።

ይህ እንዲሆን መምህሩ አነባበቡን ማወቅ አለበት። ከፊት ቆሞ ለራሱ ይዞ ቢያነብ የኋለኞቹ ልጆች ሥዕሉን አያዩም። ልጆቹን በክብ አስቀምጦ፣ ገጹን ወደ እነርሱ አዙሮ፣ ከመግለጡ በፊት «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቅ። ሲጨርስ መጽሐፉን ለአንድ ልጅ ያስረክብ፤ ልጁም በማግሥቱ ለአምስት ጓደኞቹ ያንብብ። ንባብ የሚለመደው በማንበብ ነው የሚለውን ቃል በመምህራን ኮሌጅ በ10+3 መርሐ ግብር ስንማር በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን አልፈነዋል። ትርጉሙ የሚገባው መጽሐፍ ተቆልፎበት ልጅ ሰሌዳ ብቻ በሚያይበት ክፍል ውስጥ ሲቆሙ ነው።

ከክፍል ቀጥሎ ቤት አለ። ጋሼን ይበልጥ የሚያስፈራቸው ይኸኛው ነው። መጽሐፍ ቤት ከሄደ እሳት ዳር ይወድቃል፣ ፍየል ይበላዋል፣ ሕፃን ይቀደዋል። እውነት ነው፤ ሊሆን ይችላል። ግን እስቲ ልጆቻችንን እንያቸው። በዚህ ሰፈር የስምንት ዓመት ልጅ ታናሹን አዝላ ትውላለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ውኃ ይቀዳል፤ እናቱ ስትታመም የራሽን ካርድ ይዞ ይሰለፋል። የቤተሰቡ ሁሉ እንጀራ የተጻፈበትን ካርድ ያመንነውን ልጅ ሃያ አራት ገጽ ያለው የተረት መጽሐፍ ልናምነው አልቻልንም! ደግሞስ ልጅ ሳይታመን ታማኝነትን ከየት ይማራል? ዋና ለመማር ውኃ ውስጥ መግባት እንደሚያስፈልግ ሁሉ፣ አደራ ለመልመድም አደራ መቀበል ያስፈልጋል። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃ ይሆናል፤ ቡኮ ያልነካ ልጅ ግን ሲያድግም አያቦካም።

መጽሐፍ ቤት ሲገባ ሌላም ነገር ይከተላል። አንዲት እናት እንዲህ አለችኝ፤ «መምህር፣ ልጄ ማታ ማታ ያነብልኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የቀበሮዋን ተረት ሲያነብልኝ "ይቺን እኮ እናቴ በሌላ መንገድ ነው የነገረችኝ" አልኩና የእኔንም ነገርኩት። ግን ልጅ እናቱን ሲያስተምር ነውር አይሆንም ወይ?» ጥያቄዋ ከልብ ነበር። በአገራችን ወግ ታላቅ ይናገራል፣ ታናሽ ይሰማል።

ነውር አይደለም። ከሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወጣት ተማሪ ሽማግሌዎችን ፊደል አስቆጥሯል። ያ ዘመን መከራው ብዙ ቢሆንም ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1980ም በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አግኝቷል። ሽማግሌዎቹ በዚህ አልተዋረዱም። ካነሡት አይቀር ግን ከዚያው ዘመቻ ሌላም ትምህርት አለ። ፊደል ከቆጠሩት ብዙዎቹ ኋላ የሚያነቡት ነገር አጥተው የለዩትን ረሱት። ፊደል ያለ መጽሐፍ እሳት ያለ ማገዶ ነው። ያችም እናት ብትሆን ዝም ብላ አልተማረችም፤ በአንዱ ተረት ፈንታ ሌላ ተረት ሰጠች። ልጁ ያነበበላት የታተመ ነው፤ እርሷ የነገረችው ደግሞ ገና ያልተጻፈ ነው። ያ መጽሐፍ በሣጥን ቢቀር ኖሮ የእርሷም ተረት በሆዷ ይቀር ነበር። የጋን ውስጥ መብራት የሚሆነው የተቆለፈው መጽሐፍ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

በሰፈራችን አማርኛ የሚናገር አለ፤ ትግርኛ የሚናገር አለ፤ ሌላም ቋንቋ ያለው ወገን አለ። በአማርኛ የተጻፈውን በትግርኛ ለታናሹ የሚተርክ ልጅ ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ሥዕል ደግሞ ማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ከካርቱምና ከሌላውም ቦታ ተፈናቅለው የመጡ የሱዳን ልጆች ከልጆቻችን ጋር አንድ ገጽ ከበው አንበሳውን «አሰድ»፣ «አንበሳ» ሲባባሉ ማየት ለአዋቂዎች ትምህርት ነው።

ይህን ስል ሁሉም ነገር ይበተን ማለቴ አይደለም። አንድ ብቻ የሆነው የመምህሩ መምሪያ፣ የልጆች የስም መዝገብና የውጤት ወረቀት ይቆለፍ። እነዚህ የማስቀመጥ አደራ ናቸው። ሌላ ቅጂ የሌለው የተረት መጽሐፍ ቢኖርም ወደ ቤት ከመሄዱ በፊት ትልልቆቹ ተማሪዎች በደብተራቸው ይገልብጡት። ይህች በእጃችሁ የያዛችኋት መጽሔት በእጅ ተጽፋ፣ በእጅ ተገልብጣ የምትደርሳችሁ ናት፤ ለአዋቂ የሚሆነው ለልጅ የማይሆንበት ምክንያት የለም።

መጽሐፍ አይጠፋም ብዬም አላታልልም። ይጠፋል። ታዲያ የጠፋውን ማን ይጠየቅበት? እዚህ ላይ የእኛ የወላጆችና የመምህራን ፈንታ ይመጣል። ጠባቂውን ብቻውን ተጠያቂ አድርገን ትተን «ለምን አትከፍትም?» ብለን መውቀስ ግፍ ነው። እርሱ የሚፈራውን ዕዳ እኛ ካልተካፈልን መጽሐፉን ለመካፈል መብት የለንም። የወላጅ ኮሚቴው፣ መምህራኑና ጠባቂው አብረው ይፈርሙ። ተነቦ ያለቀ መጽሐፍ «በአገልግሎት አለቀ» ተብሎ በክብር ከመዝገብ ይውጣ፤ የጠፋውም የጋራ ጉድለት ይሁን። ጥፋቱን የጋራ ሳያደርጉ ንባቡን የጋራ ማድረግ አይቻልም።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንሞክር እላለሁ። አንደኛ፣ በመዝገቡ ላይ ሁለተኛ ዓምድ ይሰመር፤ መጽሐፉ ስንት ልጅ እንዳነበበው በየሳምንቱ ይጻፍ። በዓመቱ መጨረሻ ጠባቂው የሚመሰገነው በዚህ ዓምድ ይሁን። ሁለተኛ፣ በወር አንድ ቀን የጥገና ቀን ይሁን። መርፌና ክር ከየቤቱ ይገኛል፤ የዘይት ካርቶን ለሽፋን ይሆናል፤ ይህ አካባቢ የታወቀበት የሐሻብ ግራር ሙጫ በውኃ ሲሟሟ ወረቀት ያጣብቃል። የቀደደው ልጅ ራሱ ይስፋው፤ ከዱላ ይልቅ ይህ ያስተምረዋል። ሦስተኛ፣ መጽሐፍ የወሰደ ልጅ ሲመልስ «ለማን አነበብክ?» ተብሎ ይጠየቅ እንጂ በመጀመሪያ «ቀደድከው ወይ?» አይባል። ልጅ በመጀመሪያ የምንጠይቀውን ነገር ዋነኛው ነገር አድርጎ ይይዘዋልና።

ጋሼ ይህን ሁሉ ሰምተው ሙሉ በሙሉ አልተስማሙም። «እስቲ በአሥር መጽሐፍ እንጀምርና እንየው» ብለዋል። አሥር መጽሐፍ ጥቂት አይደለም። ለስድሳ ልጅ ቢዞር፣ ስድሳው ልጅ ለእናቱና ለታናሹ ቢያነበው፣ ከሰፈራችን መብራት የሌለው ጎጆ ስንቱ ማታ ድምፅ እንደሚሰማበት ቁጠሩት።

ልጆቻችን ነገ አድገው የት እንደሚኖሩ አናውቅም። የትም ይሁኑ የት፣ ስለዚህ ዘመን ሲጠይቁን ዱቄቱ ለምን አነሰ ቢሉን በእጃችን እንዳልነበረ እንነግራቸዋለን፤ ያምኑናል። መጽሐፉ ለምን ተቆለፈ ቢሉን ግን መክፈቻው በእኛ ኪስ ነበር።

ቸር ይግጠመን።